ሆድሽ እንዴት አደረ? የመምህርት ሸዋጌጥ ገብረክርስቶስ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሸዋጌጥ ገብረክርስቶስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረክርስቶስ በኃይሉ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩወርቅ ሠርፀ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በጉቴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከቡልጋ መጥተው በጉቴ ገበያ ዳር የስፌት መኪናቸውን የዘረጉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ኦሮምኛ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልሆነላቸውም። ስለዚህ ሸዋጌጥ ገና በአምስት ዓመታቸው ከመኪናው አጠገብ ተቀምጠው የደንበኛውን ቁጣ ለአባታቸው፣ የአባታቸውን ቁጣ ለደንበኛው ሲተረጉሙ ይውሉ ነበር። ሱሪው ጠበበኝ ብሎ የሚጮኸውን ሰው “አባባ፣ ስፌቱ ያምራል ብሏል፤ ወገቡን ብቻ ትንሽ ልቀቅልኝ ይላል” እያሉ ያበርዱ እንደነበር በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጉቴ፣ ሁለተኛ ደረጃን ዘመድ ቤት ተጠግተው በነቀምቴ ተማሩ። በ1976 ዓ.ም. መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በማግሥቱ ዓመት ተመረቁ፤ መጀመሪያ የተመደቡትም በቢላ ነበር። የሰጧቸው ክፍል ማንም መምህር የማይፈልገው፣ ታላላቆቻቸውን ተከትለው የሚመጡ ሕፃናት የሚታጎሩበት ክፍል ነው። ስልሳ ሰባት ሕፃናትና አንድ ኳስ! በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱ ተነካከሱ፤ አራተኛው መምህርቷን ነከሰ። የጥርሱ ምልክት በቀኝ ክንዳቸው ላይ ቀርቶ ነበርና ምንድን ነው ሲባሉ “ዲፕሎማዬ ነው” ይሉ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ከአናጺው ከአቶ ጋሮማ ጉሉማ ጋር ትዳር መሠረቱ። እሳቸው ቅዳሴ፣ ባለቤታቸው የወንጌላውያን ጉባኤ ይሄዱ ነበር። እሑድ ጠዋት ከአንድ በር ወጥተው በሁለት መንገድ ይሄዱና ለምሳ ይገናኛሉ። ይህ ነገር እንቅልፍ የነሳቸው ዘመዶች በሁለቱም ወገን ነበሩ፤ ባልና ሚስቱ ግን ደህና ተኝተው ያድሩ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ልጃቸው ሜቲ ተወለደች። አቶ ጋሮማ ሚስታቸው ላስተማሩበት ክፍል ሁሉ ለሕፃን ጉልበት የሚመች ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር በነፃ ሠርተዋል፤ ዛሬም እየተቀመጡበት ነው።

በ1990 ዓ.ም. የወንድማቸው ልጅ ናዝራዊት፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ማለት ነው፣ እናትና አባቷን በአንድ የመኪና አደጋ አጥታ በሰባት ዓመቷ ወደ ቤታቸው መጣች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አታልቅሺ ይላት ነበር። እሷም እሺ ብላ አላለቀሰችም፤ እግረ መንገዷንም መናገሩን ተወችው። እትዬ ሸዋጌጥ ግን አታልቅሺም፣ አልቅሺም አላሏትም። በየማለዳው ጸጉሯን እያበጠሩ “ሆድሽ እንዴት አደረ?” ይሏታል። ለሰው እንዴት አደርሽ እንደሚባለው ለሆዷ ለብቻው ሰላምታ ይሰጡታል። ሦስት ወር ሙሉ መልስ አላገኙም፤ መጠየቁንም አላቆሙም። አንድ ቀን ልጅቷ “ሆዴ ፈራ” አለች። ምን ፈራ ቢሏት “እናንተም እንዳትሄዱ” አለቻቸው። የዚያን ዕለት ሥራም ትምህርትም ቀርቶ ሁለቱም ቤት ዋሉ።

በ1994 ዓ.ም. በነቀምቴ ወደሚገኝ አንድ አፀደ ሕፃናት ተዛወሩ። በዚያው ዓመት፣ ሕፃናት ስሜታቸውን እንዲያውቁና ከሰው ጋር መኖርን እንዲለምዱ ስለማስተማር የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወሰዱ። ሲመለሱ ክብ ክብ ቢጫ ፊቶች የተሳሉበት ትልቅ ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ ፊት ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ያኮርፋል። ሕፃናቱ አይተውት “ዱባ! ዱባ!” ብለው ክፍሉን በሳቅ አናወጡት። ሸዋጌጥም አብረው ሳቁና ወረቀቱን ጠቅልለው አስቀመጡት። በእኛ አገር ስሜት ቤቱ ሆድ ነው። በአማርኛው ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ባር ባር ይላል። ኦሮምኛውም ሆድን ገራ ይለዋል፤ ሐዘን ሲመጣ የሚቃጠለውም ይኸው ገራ ነው።

ስለዚህ ቤት የጀመሩትን ሰላምታ ክፍል አስገቡት። በየማለዳው እያንዳንዱ ሕፃን መዳፉን ሆዱ ላይ ያሳርፍና “ገራንኬ አከም ቡሌ?” ይባላል፤ ሆድህ እንዴት አደረ ማለት ነው። ሆዴ ደስ ብሎት አደረ፣ ሆዴ ተቆጥቶ አደረ፣ ሆዴ ፈርቶ አደረ ብሎ ይመልሳል። የተቆጣ ወይም የፈራ ካለ አንድ ጓደኛ መርጦ ጥግ ላይ ከተነጠፈው ሰሌን ይቀመጣል፤ ትኩስ ገንፎ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ነገሩን ይናገራል። “ኳሱን ቀማኸኝ። ሆዴ ተቆጣ። ስትጨርስ ስጠኝ።” የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ የቆምነው ትልልቆቹ እንኳ እንዲህ አንናገርም። አንድ አባት “ልጄ እራት ላይ፣ አባባ ሆድህ ተቆጥቷል፣ ሰሌን ላይ ተቀመጥ አለኝ” ብለው ሊከሱ መጥተው ሻይ ጠጥተው ተመልሰዋል። መናከሱም፣ መደባደቡም በዚያ ክፍል እየቀረ ሄደ።

አሁን የሚከተለው እንዳይጻፍ ከቤተሰቡ የለመኑ አሉ። ነገር ግን መምህርት ሸዋጌጥ በሕይወት ሳሉ ናዝራዊትን ጠርተው “ያጠፋሁትን ትተሽ ደግ ነበረች ብቻ ብለሽ እንዳታስነብቢ፤ ሬሳም ሆኜ እቆጣሻለሁ” ብለዋታል። የእሳቸውን ቁጣ የሚያውቅ ያውቀዋልና ይጻፋል።

ሰኞ ግንቦት 8 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠዋት ፌኔት ሞረዳ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ተራዋ ደርሶ ስትጠየቅ፣ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ “ገራ ነ ዹኩበ” አለች። ሆዴን አመመኝ ማለት ነው። በሌላ ክፍል፣ በሌላ መምህር ፊት ይህ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። በሸዋጌጥ ክፍል ግን ሆድ የስሜት ስም ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በዚያ ላይ የፌኔት እናት ወ/ሮ ሶረቲ ወንድ ልጅ ከተገላገሉ ገና አሥራ ሁለት ቀናቸው ነበር። ፌኔት ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር አልጫወትም ብላለች፤ ዓርብ ዕለትም “ሆዴ ተቆጣ” ብላ ሰሌኑ ላይ ውላለች። ሸዋጌጥ ነገሩን አገናኝተው የቅናት ሆድ ነው አሉ። ልጅቷን ሰሌኑ ላይ አስቀምጠው እጇን ይዘው ተነፈሱላት። ፌኔት ምሳዋን አልበላችም።

ሸዋጌጥ ከሥራ ሲወጡ አራስ ለመጠየቅ ወደ ወ/ሮ ሶረቲ ቤት ጎራ አሉ። የፌኔት አባት አቶ ሞረዳ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩና ለገበያ ወደ ቢላ ሄደዋል። ሸዋጌጥም ወ/ሮ ሶረቲን “ሃዸ ፌኔት” አሏቸው፤ የፌኔት እናት ማለታቸው ነው፤ “ክሊኒክ አታመላልሻት፣ የትል መድኃኒትም አትስጫት። ሕፃኑ መጥቶባት ነው። እሱን ለሰው ስጪና እሷን ብቻ እቀፊያት፤ ነገ ይለቃታል።” ወ/ሮ ሶረቲም “እሺ በርሲፍቱ” አሉ። በርሲፍቱ በኦሮምኛ መምህርት ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ በርሲፍቱ ከተባለ ደግሞ ስም መጨመር አያስፈልግም ነበር። ሸዋጌጥ ያሉት ተሰማ። እሳቸው ያሉት ሁልጊዜ ይሰማ ነበር፤ ጉዱም እሱ ነው።

ማክሰኞ ፌኔት በጎረቤት ልጅ ተይዛ መጣች። ጎንበስ ብላ ነበር የምትሄደው። ሲጠይቋት ያንኑ ቃል ደገመችው፤ በዚህ ጊዜ ድምጿ ቀጭን ነበር። ሸዋጌጥ ከራሷ ላይ እጃቸውን ሳያነሱ አጠገቧ ተቀመጡ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ልጅቷ ማቃሰቷን አቆመች፤ ፊቷ ረጋ፤ ሰሌኑ ላይ ጋደም አለች። ሸዋጌጥ ደስ አላቸው። ደብተራቸውን አውጥተው “ፌኔት፤ ዛሬ ሆዷ ተሻለው” ብለው ጻፉ። ደብተሩ አሁንም አለ። ሐኪሙ ኋላ እንዳስረዱት ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጊዜው ፋታ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ልጅቷ ተሻላት ተብሎ የተጻፈው ትርፍ አንጀቷ በፈነዳበት ሰዓት ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፌኔት አረንጓዴ አስታወከች። ሸዋጌጥ ሲዳስሷት ገላዋ እሳት ሆኗል፤ ሆዷም እንደ ጣውላ ደርቋል። ያን ጊዜ ገባቸው። ጫማዋን ሳያደርጉላት አዝለዋት ወጡ። ዝናቡ እየወረደ ነው፤ ያገኟት ባጃጅ ዳገቱን መውጣት አቅቷት ቆመች፤ የቀረውን መንገድ በእግራቸው እየሮጡ ጨረሱት። አርባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ሐኪሙ ልጅቷን ነካ አደረጉና ፊታቸው ተለዋወጠ። “መጀመሪያ አመመኝ ያለችው መቼ ነው?” ብለው ጠየቁ። ሸዋጌጥ “ትናንት ጠዋት። ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም” አሉ። ልጅቷ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ገባች። ሐኪሙ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ምንም ቃል መግባት አልችልም ብለዋል።

ወደ ማምሻው ወ/ሮ ሶረቲ የአሥራ ሦስት ቀን ሕፃን ታቅፈው፣ ወገባቸው ገና ሳይጠና ደረሱ። ሸዋጌጥ ያው የጎረቤት ልጅ ሮጦ ያመጣላቸውን የፌኔትን ጫማ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ወ/ሮ ሶረቲ ጫማውን ተቀበሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሸዋጌጥም “መብቷ ነው” ብለው ከሕንጻው ወጡ፤ ተመልሰውም ወደ ውስጥ አልገቡም።

አሥራ አንድ ቀን። በየቀኑ ከክፍል ሲወጡ ሆስፒታሉ በር ላይ ካለችው ድንጋይ ይቀመጡ ነበር። አቶ ጋሮማ ጋቢና ቆሎ ይዘው መጥተው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ከቢላ የተመለሱት አቶ ሞረዳ ጨዋ ሰው ናቸውና ማታ ማታ ወጥተው ወሬ ይነግሯቸው ነበር። ዛሬ ውኃ ጠጣች፤ ዛሬ ትኩሳቱ አልወረደም። በሰባተኛው ቀን መግል ቋጥሯልና ሁለተኛ ጊዜ ትከፈታለች ተባለ። ያን ዕለት አቶ ሞረዳ በጣታቸው የራሳቸውን ሆድ ከላይ ወደ ታች እንደ መሰንጠቅ አድርገው አሳዩ። ሸዋጌጥ እህል በአፋቸው አልዞረም፤ ወደ ቤት ተመልሰውም ቁጭ እንዳሉ አደሩ፤ ናዝራዊት ብታናግራቸውም አይሰሙም ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን አቶ ሞረዳ ከበሩ እየሮጡ ወጥተው “በርሲፍቱ፣ ራበኝ አለች! ራበኝ አለች!” ብለው ጮኹ። ሸዋጌጥ መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ተመስገን፣ ልጅቷ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ርዕሰ መምህሩ ለሸዋጌጥ አስበው “የነገረችን ማክሰኞ ነው እንበል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ማን ያውቃል?” አሏቸው። ሸዋጌጥ “እሷ ታውቃለች” አሉና ለወላጆች ስብሰባ እንዲጠራላቸው ጠየቁ። በስብሰባው ቆመው የሆነውን ከሰኞ ጀምሮ በሁለቱም ቋንቋ ተናገሩ፤ ደብተራቸውንም አነበቡ። በመጨረሻም “ዶጎጎራ ኮቲ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ የእኔ ብቻ ነው። የማንም እጅ የለበትም” አሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሕፃኑን ታቅፈው የነበሩት ወ/ሮ ሶረቲ ይህን ሲሰሙ ብድግ ብለው ወጡ። ሁሉም ሰው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን ሌላ ትምህርት ቤት አስገቡ።

ሸዋጌጥ ስድስት ወር ከክፍል ታገዱ፤ የሆድ ሰላምታውም ቀረ። ቅጣቱን ይግባኝ ሳይሉ ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ወር የክፍሉ ልጆች መናከስ እንደ ጀመሩ ሲሰሙ ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም። ትምህርቱን ቢተዉት ልጆቹ ይጎዳሉ፤ እንደ ነበረ ቢመልሱት ሌላ ፌኔት ትኖራለች። በዚህ መሃል ሲጨነቁ ከርመው የደረሱበት ቀላል ነገር ነው። “አመመኝ” የሚል ቃል ከሕፃን አፍ ከወጣ ማንም ትርጉም አይሰጠውም፤ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ሰሌን። ሕፃኑም የሚያመውን ሆድ በአንድ ጣት፣ የፈራውን ሆድ በሙሉ መዳፍ ማሳየት ይማራል። ከእገዳቸው ሲመለሱ ይህን ደንብ ይዘው ገቡ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም ተፈቀደላቸው።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነቀምቴ፣ በጉቴ፣ በቢላና በኑኑ ቁምባ ለአፀደ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና ሰጥተዋል። ሥልጠናውን የሚጀምሩት ሁልጊዜ በፌኔት ታሪክ ነበር። ሰልጣኞቹ ስለ ጨዋታና ስለ መዝሙር ሊሰሙ መጥተው በመጀመሪያው ሰዓት ይደነግጣሉ። ለምን ራስዎን ያዋርዳሉ ብለው የጠየቋቸውም ነበሩ። “ልጁን አውቀዋለሁ ስትሉ ያን ጊዜ ፍሩ” ይሉ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ጥይት በሚሰማበት ዘመንም ተፈናቅለው የመጡ ሕፃናትን በመጠለያ ሰብስበው ጠይቀዋል፤ “ሆዴ ፈራ” ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠገባቸው አስቀምጠዋል። አይዞህ ምንም አይደለም ብለው ግን አልዋሹም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከወ/ሮ ሶረቲ ጋር ሰላምታ አልነበራቸውም። ገበያ ላይ ሲተያዩ ወ/ሮ ሶረቲ መንገድ ይቀይራሉ። ዕድር ውስጥ ሸዋጌጥ ባሉበት ድንኳን አይገቡም። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኳል፤ አቶ ሞረዳ በክብር ሲቀበሉ ወ/ሮ ሶረቲ በጓሮ በር ይወጡ ነበር። ናዝራዊት በዚህ ተናድዳ “ልጇ ድና ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ እስከ መቼ ነው ቂም?” ስትል ሸዋጌጥ ይቆጧት ነበር። “ሆዷ ተቆጥቷል። ቁጣ ጊዜ አለው፤ አታስቸኩዪያት” ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ ይበላቸው ነበር። ሕዝብ ይቅር ብሏቸው አንዲት ሴት ይቅር ስላላለቻቸው ብቻ ያልተፈታ ነገር ነበራቸው።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ሕመም ያዛቸው። በነቀምቴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናበቱ። ያለፈው ዓርብ ትንፋሻቸው ሲከብድ ናዝራዊትን “ሶረቲ አልመጣችም?” አሏት። እሷም “ትመጣለች” አለቻቸው። ውሸት ነበር፤ ውሸት እንደሆነም አውቀውባታል። መምህርት ሸዋጌጥ ማክሰኞ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወ/ሮ ሶረቲ ለቅሶ ቤት መጡ። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው ማነው ብለው ጠየቁና ናዝራዊት ወዳለችበት ክፍል ገብተው የተጻፈውን አንብቢልኝ አሉ። አነበበችላቸው። ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙና “ጎደሎ ነው። እሷ የራሷን አስጽፋለች፤ የእኔም ይጻፍ። ስሜም ይጻፍ” አሉ። እንዲህም አስጻፉ፦

“ፌኔት ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው፤ ገራ ነ ዹኩበ አለችኝ። ሕፃኑ ሲያለቅስ አድሮ እንቅልፍ አላየሁም ነበር። ቀናተኛ ብዬ በጥፊ መታኋትና ላክኋት። ማክሰኞም ነገረችኝ። ሂጂ ለበርሲፍቱ ንገሪ አልኳት። በርሲፍቱ የቅናት ነው ስትለኝ ተገላገልኩ እንጂ አላመንኳትም፤ እናት ነኝ፣ የልጄን ገላ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩ። ለስብሰባው የሄድኩት ልናገር ነበር። እሷ ተነሥታ የእኔ ብቻ ነው ስትል ግን አፌ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ፊቷን ባየሁ ቁጥር አፍሬ ነው የሸሸሁት። አንድም ቀን አልተቆጣኋትም።”

ናዝራዊት ይህን ስትሰማ እስክሪብቶውን ወርውራ ጮኻባቸዋለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር እንኳ በማይቀርበት ጊዜ፣ የእትዬ ገላ ከበረደ በኋላ ይህ ምን ያደርጋል ብላለች። ዓርብ ዕለት አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ! ጩኸቷ ሲበርድ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። የናዝራዊት ንዴት አሁንም አልወጣላትም፤ ይህም ይጻፍ። እትዬ ሸዋጌጥ የሺህ ሕፃናትን ሆድ ሲጠይቁ ኖረው የአንዲትን እናት ሆድ ግን ሳይጠይቁ ቁጣ ነው ብለው ተረጎሙት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይቅርታ ሲጠብቁ የኖሩት፣ ይቅርታ ከምትፈልግ ሴት ነበር።

ወ/ሮ ሶረቲ ያስጻፉት ቃል ሲነበብ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ለመቆም ጠይቀዋል፤ ቤተሰቡም ፈቅዷል።

መምህርት ሸዋጌጥ ባለቤታቸውን አቶ ጋሮማ ጉሉማን፣ ልጃቸውን ሜቲ ጋሮማን፣ ያሳደጓትን ናዝራዊትን፣ በአራት ከተሞች ያሠለጠኗቸውን መምህራንና በየአግዳሚው ወንበር ያስቀመጧቸውን ልጆች ትተው አልፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ረቡዕ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተወለዱባት በጉቴ ከተማ፣ በአባታቸው መቃብር አጠገብ ይፈጸማል።

የሰውን ሆድ ያለ ስህተት የሚያነብ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለእኛም ሳይረፍድ የሚናገር አንደበት ይስጠን። አሜን።